ለእንግዳ የተራቆተ ቤት

«ሞቻለሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ አዮ ሩቂያ። ሁለቱ ኩሊዎች የብረት አልጋቸውን አንዱ በራስጌ፣ አንዱ በግርጌ ይዘው በሩ ላይ ተቀርቅረዋል፤ ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉት እግሩ መቃኑን ይይዛል፣ ወደ ግራ ሲሉት ራስጌው ግድግዳውን ይፍቃል። ምራታቸው ሀሊማ ፍራሹን ታቅፋ ከኋላ ቆማለች፤ «ቀስ፣ ቀለሙን እንዳትልጡት» ትላለች። አሮጊቷ በረንዳው ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው፣ ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሀል ተክለው፣ ስምንት ዓመት የተኙበት አልጋ ተጋድሞ ሲወጣ ተመለከቱ። እንዲህ በጠዋት ከዚህ ቤት አልጋ ሲወጣ ያዩት ልጃቸው በድሪ የሞተ ቀን ነበር። ዛሬ ግን የሞተ ሰው የለም። ዛሬ የሚመጣው እንግዳ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለው ምግብ ቤትና ከጀርባው በአንድ ረድፍ የተደረደሩት ስድስት የመኝታ ክፍሎች የሀሊማ ናቸው። ባሏ ሲሞት የጫት መጫኛ አይሱዙው ተሸጦ ነው የተሠሩት፤ ስለዚህ ለእሷ ክፍሎቹ ከበድሪ የተረፉ ናቸው፣ ስማቸውም በድሪ ፔንሲዮን ነው። ወለሉ ከድሬዳዋ በመጣ ነጭ ሴራሚክ ተነጥፏል፣ በየክፍሉ መታጠቢያና ሙቅ ውሃ አለ፣ አንሶላውን እሷ በገዛ እጇ ነው የምትተኩሰው። ጭሮ ውስጥ እንዲህ ያለ አንሶላ የለም ብላ ትምላለች፣ ውሸቷንም አይደለም። ምን ያደርጋል፤ አምና ከከተማው መግቢያ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ተከፈተና ሚኒባሱም አውቶቡሱም እዚያ መቆም ጀመረ። ክፍሎቹ ባዷቸውን ማደር ለመዱ። አሁን የጫት ነጋዴው አብዱረዛቅ ስድስቱንም አንድ ላይ ልከራያቸው ብሏታል፤ መሀል ግድግዳውን አፍርሶ ጫት የሚለቀምበትና የሚታሰርበት መጋዘን ሊያደርጋቸው ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት ብሎ ቀን ሰጥቷታል። ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚከፍለውም አያንስም። ሀሊማ ግን ያ ነጭ ሴራሚክ በጫት ገራባ ተሸፍኖ፣ በጭቃ ጫማ ሲረገጥ በዓይነ ሕሊናዋ በመጣባት ቁጥር ተነስታ ወለሉን ትወለውላለች።

የቀራት ተስፋ ቱሪስት ነበር። ወደ ሐረር የሚሄዱ ፈረንጆችን የሚያጓጉዝ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት አለ፤ ድርጅቱም በተራው የሚሠራው አውሮፓ ላለ ለሌላ ድርጅት ነው፤ ፈረንጁ ጉዞውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ይገዛል፣ መንገዱን፣ አልጋውን፣ ምሳውን፣ ተራራውን ሳይቀር አንድ ላይ ከፍሎ ይመጣል። ከአዋሽ እስከ ሐረር ያለውን የሚያስተባብረው ኢዮስያስ ነው፤ የጎረቤቷ የእሴት ልጅ፣ ትናንት በወንጌላውያኑ መዘምራን ውስጥ ከበሮ ይመታ የነበረ፣ የሀሊማን ሳንቡሳ እየበላ ያደገ። ክረምቱን ሙሉ መሟላት ያለበትን ዝርዝር በወረቀት እያመጣ ሲሰጣት ነበር። እሳት ማጥፊያ ግዢ አላት፣ ገዛች። አጎበር አላት፣ ሰቀለች። መውጫውን የሚያሳይ አረንጓዴ ምልክት አላት፤ ስድስት ክፍል ባለው ግቢ ውስጥ መውጫው የት እንደሆነ የሚጠፋው ሰው ካለ ብላ እየሳቀች እሱንም ለጠፈች። ሦስት ጊዜ መጥቶ ክፍሎቹን ፎቶ አነሳ። ሦስት ጊዜ አንሶላ ቀየረች።

ትናንት ከሰዓት በኋላ መጣና ሻዩን ሳይጨርስ «ክፍሎቹ ቀርተዋል» አላት። የፈረንጆቹ ተወካይ ራሷ ነገ ትመጣለች፣ ግን የምታየው ክፍል አይደለም። እንግዶቹ የሚያድሩት ሐረር ነው፤ ከጭሮ የሚፈልጉት ምሳ ብቻ ነው፤ ያውም የምግብ ቤት ምሳ ሳይሆን «ከአገሬው ቤተሰብ ጋር» የሚበላ ምሳ። ሀሊማ መጀመሪያ አልገባትም። እሷ የአገሬው ሰው ካልሆነች ማን ሊሆን ነው።

«ሴራሚክ አገራቸው ሞልቷል፣ እትዬ ሀሊማ» አለ ኢዮስያስ ዓይኑን ከብርጭቆው ሳይነቅል። «ለሴራሚክ ብለው አይመጡም። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሶፋው፣ የአዮ አልጋ… ለነገ ብቻ ዘወር ይበሉ። ሰሌንና ቁርበት ይበቃል። ውጪ ያለውን ሰሌዳም በሸራ ነገር ሸፈን አድርጊው።»

«ድሃ ልታስመስለን ነው?»

«እኔ አይደለሁም። ወረቀቱ ነው እንዲህ የሚለው።»

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የመካ ሥዕል ቀና ብሎ አየና ጉሮሮውን ጠራረገ። እሱንም ለነገ ብቻ፤ አንዳንዱ ፈረንጅ ይፈራል። የአዮ ዱዓ ግን መኖር አለበት፣ ምርቃት ይወዳሉ። ሥዕሉን የሚፈሩ ሰዎች ዱዓውን እንዴት እንደሚወዱት ሀሊማ ልትጠይቀው አሰበችና ተወችው። ሌሊቱን ስትብሰለሰል አደረች፤ ሊነጋ ሲል ራሷን አሳመነች። እሷ ባደገችበት ቤት እንግዳ በልቶ አይሄድም፤ ከበላ ይለመናል፣ ከተለመነ ያድራል፣ ካደረ ዘመድ ይሆናል። ፈረንጅም ሰው ነው፣ አንድ ቀን አንዱን ይደክመዋል፣ አንዷን ራሷን ያማታል፣ ያኔ አንሶላው ይታያል። በዚህ ሐሳብ ተነስታ ነው አልጋውን ያስወጣችው።

ድህነትም በነጻ አልተገኘም። ሀሊማ በልጅነቷ እንጂ ካደገች በኋላ በቅል ወተት ጠጥታ አታውቅም፤ ሰሌን ላይ የሚተኛ ሰውም በቤቷ የለም። ስለዚህ በማለዳ ገበያ ወጥታ ቅል፣ የእንጨት ገበታ፣ ሁለት የሸክላ ማሰሮና የፍየል ቁርበት ስትገዛ፣ ከገጠር የመጣችው ሻጭ አባያዋንና የወርቅ ጥርሷን አይታ በሁሉም ላይ እጥፍ ጠራችባት። «ምን ሊያደርግልሽ ነው?» ብትላት «ለጌጥ» ብላ ዋሸች። ሴትየዋ ስቃ፣ እሷ ራሷ ቅል ትታ ፕላስቲክ ጀሪካን የያዘችበትን ምክንያት፣ ቅሉ እንደሚሸትና እንደሚሰበር፣ በዝርዝር ነገረቻት። ቤት ስትደርስ አባያዋን አውልቃ ከሠራተኛዋ የተዋሰችውን የገጠር ቀሚስ ለበሰች። ብብቱ ይጠብባታል። መስታወት ፊት አልቆመችም፤ መስታወቱም ቢሆን ከሶፋው ጋር አንደኛው ክፍል ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሳሎኑ ባዶ ሲሆን ማስተጋባት ጀመረ። ፍሪጁ የቆመበት ቦታ ላይ አራት ማዕዘን የሆነ ንጹሕ ግድግዳ ቀርቷል፤ የመካው ሥዕል የነበረበትም እንዲሁ። ሀሊማ ጭስ የጠጣ ሰሌን ሰቀለችበት። አዮ ሩቂያን ደግፋ ስታስገባቸው አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ዙሪያውን ቃኙ። ከሁለት ዓመት በፊት ወድቀው ዳሌያቸውን ከተጎዱ ወዲህ ሐኪሙ መሬት እንዳይቀመጡ ከልክሏቸዋል፤ ሶላት እንኳ የሚሰግዱት ወንበር ላይ ሆነው ነው። ይህን ሀሊማ ታውቃለች። ወንበር ላይ ያሰገደቻቸው፣ ሐኪሙ ጋ በጀርባዋ አዝላ የወሰደቻቸው እሷው ናት። አሁን ግን በብብታቸው ይዛ፣ ቀስ እያለች፣ ቁርበቱ ላይ አወረደቻቸው። አጥንታቸው ሲንቋቋ ሰማች። «ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ አዮ» አለቻቸው። እሳቸው ከዘራቸውን ጠየቁ፤ ከጎናቸው አስቀመጠችላቸው።

እንግዶቹ አምስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ፣ ስድስት ሆነ። ከማሽላ ቂጣ ተፈትፍቶ ቅቤና እርጎ የፈሰሰበት ለፊሶ ገበታው ላይ ቆዳ አወጣ። ሀሊማ በየሃያ ደቂቃው ትደውላለች፤ ኢዮስያስም ሁልጊዜ «ደርሰናል፣ መታጠፊያው ላይ ነን» ይላታል። መታጠፊያ ደግሞ ከሚኤሶ እስከ ጭሮ ስንት አለ። አዮ ሩቂያ አንድ ጊዜ «አንሺኝ» አሏት፤ አሁን ይመጣሉ ብላ አላነሳቻቸውም። ሁለተኛ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሽንት ቤት መሄድ እንደሚፈልጉ ነገሯት። ያን ጊዜ አስፋልቱ ላይ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ሀሊማ «ትንሽ ይታገሡ» ብላ ወደ በሩ ሮጠች። መኪናው የዘይት ቦቴ ነበር፣ ሳይቆም አለፈ። ስትመለስ አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። «እሺ ይነሡ፣ አዮ» ብትላቸው «አያስፈልግም» አሉ። የቁርበቱ ጠርዝ ረጥቦ ነበር። ሀሊማ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችው፣ የራሷንም ነጠላ አጣጥፋ ከሥራቸው አደረገችላቸው፤ ሁለቱም አንዳቸው የሌላኛቸውን ዓይን አላዩም።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ላንድክሩዘር በሩ ላይ ቆመ። ተወካይዋ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ፀሐይ ያቀላት ሴት ናት፤ ከእሷ ጋር ካሜራ የተሸከመ ረጅም ጎልማሳ አለ፤ ኢዮስያስ በአንገቱ የድርጅቱን መታወቂያ አንጠልጥሎ ከፊት ከፊት ይላል። ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። ሀሊማ በኋላ ላይ ክፉ ልታደርጋት ብዙ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ገና ከበሩ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አጎነበሰች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ባዶውን ሳሎን ስታይ ደግሞ ጥርስ በጥርስ ሆነች። ባዶውን ሳሎን። አንድ ቤት ሙሉ ዕቃ ወጥቶለት ባዶ የቀረውን ግድግዳ በመዳፏ እየዳሰሰች የተናገረችውን «ምንም አልተነካም፣ እንደነበረ ነው ትላለች» ብሎ ኢዮስያስ ሲተረጉም ቅንጣት እንኳ አላፈረም።

ሴትየዋ መጸዳጃ ስትጠይቅ ሀሊማ ልቧ ዘለለ። ከሰው ቀድማ ተነስታ ሦስት ቁጥርን ከፈተችላት፤ ከሁሉ የምትወደው ክፍል እሱ ነው፣ ጠዋት ፀሐይ ይገባበታል። አልጋው ተነጥፏል፣ ፎጣው ታጥፎ ተቀምጧል፣ ውሃው ከማለዳ ጀምሮ እንዲሞቅ ተደርጓል። እሷ ኮሪደሩ ላይ ቆማ የውሃውን ድምፅ አዳመጠች። አሁን ታየዋለች፣ አሁን ትደነግጣለች፣ ወጥታ ይሄ ነገር የማን ነው ትላለች። ሴትየዋ እጇን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች ወጣች፤ ለኢዮስያስ ጥቂት ቃል ተናገረች፣ ደብተሯ ላይም ጻፈች።

«በጣም ንጹሕ ነው ብላለች» አለ ኢዮስያስ።

«ሌላስ?»

«ሌላ… እንግዶቹ ሽንታቸው ሲመጣ በዚህ ይጠቀሙ። ግን በኋላ በር ዞረው ይግቡ፣ አልጋው እንዳይታይ መጋረጃ ይደረግበት።»

ሀሊማ ራሷን ነቀነቀች። የባሏ አይሱዙ፣ የድሬዳዋው ሴራሚክ፣ ስምንት ዓመት የተኮሰችው አንሶላ፣ ሁሉም በአንዲት ሴት ብዕር ሽንት ቤት ሆነ። የሚገርመው፣ ያን ጊዜ እንኳ ያሰበችው መጋረጃው ምን ዓይነት ቢሆን እንደሚያምር ነው።

ሳሎን ሲመለሱ የሴትየዋ ፋይል ወለሉ ላይ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ተከፍቶ ነበር። አንደኛው ገጽ ላይ የአዮ ሩቂያ ፎቶ አለ፤ ክረምት ላይ ኢዮስያስ «ለራሴ ማስታወሻ» ብሎ ያነሳቸው። ከፎቶው ሥር አርባ አምስት የሚል ቁጥር ከዩሮ ምልክት ጋር ተጽፏል። ሀሊማ እንግሊዝኛ ባታነብም ዩሮን ታውቀዋለች። ይሄ ለመኪናው ነው ወይ ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችው። ኢዮስያስ አንገቱን አከከ። ለምሳው ነው፣ ለአንድ ሰው። ለእሷ በአንድ ሰው ስልሳ ብር ነው የተባለላት፤ ዩሮው በዚያ ወር ከሃያ አምስት ብር በላይ ነበር፣ ይህን ለማስላት የባለ ሱቅ ጭንቅላት አያስፈልግም። «መሀል ላይ ብዙ እጅ አለ፣ እትዬ ሀሊማ። እኔም ጋ የምትደርሰው ትንሽ ናት» አላት። እውነቱን እንደሆነ ገባት፤ እውነት መሆኑ ግን አላጽናናትም።

ከዚያ ምሳው መጣ፤ ምሳ ከተባለ። ፈረንጆቹ ለሆዳቸው ስለሚጠነቀቁ ከአዋሽ በካርቶን የታሸገ ሳንድዊች ይዘው መጥተው መኪና ውስጥ በልተዋል። እዚህ የሚበላው ለካሜራ ነው። ሰውየው ካሜራውን ደገነ፣ ሴትየዋ ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ ኢዮስያስ «አዮ፣ አንድ ጉርሻ ያጉርሷት» አለ። አዮ ሩቂያ እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ ከለፊሶው መሀል ቅቤ ያለበትን መርጠው ጠቅለል አደረጉ። የሚያጎርሱት ሰው ማንም ይሁን ማን ከመሀል ነው የሚያነሱት፤ ሀሊማ በሙሽርነቷ ቀንም ከመሀል ነበር ያጎረሷት። ሴትየዋ አፏን ከፍታ ተቀበለች፣ በዓይኗ ሳቀች። ካሜራው ወደ ገበታው ሲዞር ፊቷን ዘወር አድርጋ፣ በኪሷ ካለው ለስላሳ ወረቀት አንዱን አውጥታ፣ ጉርሻውን ውስጡ ተፋችበት፣ ጠቅልላም ኪሷ ከተተችው። በጨዋ ደንብ ነው ያደረገችው፤ ማንም እንዳያይ ተጠንቅቃለች። ሀሊማ ግን አየች። መሬት ላይ፣ ከሴትየዋ ኪስ ትይዩ የተቀመጡት አዮ ሩቂያም አዩ። እጃቸው ላይ የቀረውን ቅቤ ቀስ ብለው በነጠላቸው ጠረጉ።

ያም ሆኖ ሲያልቅ መዳፋቸውን ዘርግተው መረቁ። አዮ ሩቂያ ሲመርቁ ለሰፈሩ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ሙሽራ፣ ተፈታኝ፣ ወደ ጂዳ የሚሄድ ሁሉ እሳቸው ፊት መዳፉን ዘርግቶ ነው የሚወጣው። ዱዓ የሚይዘው አሚን ሲባልበት ነው ይላሉ፤ አፍ የተናገረውን የሚያጸድቀው የሰሚው አሚን ነው፣ ለምርቃቱም ለእርግማኑም። እናም መንገዱን ለመንገደኛ እንዲያሳጥርለት፣ የወጣ ሁሉ ወደ እናቱ እንዲመለስ በኦሮምኛ ለመኑ፤ ሀሊማ «አሚን»፣ ኢዮስያስ «አሜን» እያሉ ተከተሉ። ካሜራ ያዢው ራሱን ነቀነቀ። ብርሃኑ አልተመቸውም። አሮጊቷ ወደ መስኮቱ ዞር ይበሉ ተባለ። ሀሊማ በወገባቸው ይዛ ስታዞራቸው ከንፈራቸውን ነከሱ። ደግመው መረቁ፤ መሀል ላይ ሰውየው እጁን አወዛወዘ። መነጽሩ ያብረቀርቃል፣ ይውለቅ። ከዘራው ፋብሪካ የሠራው ነው፣ ዘወር ይበል። እጃቸው ትንሽ ከፍ ይበል።

«እንደገና ነው፣ አዮ» አለች ሀሊማ መነጽራቸውን ከፊታቸው ላይ እያወለቀች። «የመጨረሻ ናት።»

አሮጊቷ ያለ መነጽር ምንም አያዩም። የሀሊማን ፊት በድምፅዋ ፈልገው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ከበፊቱ ከፍ አድርገው፣ በዚያው በሚያዜመው ድምፅ፣ ሳይቸኩሉ፣ በኦሮምኛ ጀመሩ።

«ያ ረቢ፣ ይህችን ቤት እንግዳ አታሳጣት። እንግዳዋ ይብዛ፣ እመቤቷ ግን በገዛ ቤቷ ባለቤት አትሁን።»

«አሚን» አለች ሀሊማ ከልማድ፤ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው።

«እኔን ያስቀመጠችበት ላይ ትቀመጥ። አንሡኝ ስትል የሚያነሳት አታግኝ።»

ካሜራው ወደ ሀሊማ ዞረ። ፈረንጇ መዳፏን ዘርግታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ከልቧ «አሚን» ትላለች። ሁለት ሰዓት ተኩል የተጠበቀው፣ ቤቱ የተራቆተለት፣ የወሩ መጨረሻ፣ አብዱረዛቅ፣ ገራባው፣ ሁሉም በዚያች ጥቁር መስታወት ውስጥ ሆኖ ያያታል። ዝም ማለት ትችል ነበር። ካሜራውን በእጇ መክደን፣ ተነስታ መውጣት ትችል ነበር። «አሚን» አለች።

«በእጇ ያጎረሰችው ፊቷ ይተፋ። እንደ ሸጠችኝ ልጇ ትሽጣት፤ ገዢዋም በዋጋ ይከራከርባት።»

ድሬዳዋ ኮሌጅ ያለችው ሳብሪና ፊት ድቅን አለባት። አንድ ልጇ ናት። ካሜራው ግን አሁንም እሷ ላይ ነው፣ ኢዮስያስም መዳፉን እንደዘረጋ በጎን ዓይኑ ያያታል። «አሚን» አለች ለሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፅዋም እንደ ሁልጊዜው ነበር።

አዮ ሩቂያ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አበሱ። ሴትየዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ምን እንዳሉ ጠየቀች፤ ኢዮስያስ አመድ የመሰለ ፊቱን ወደ ሰሌኑ አቀርቅሮ ጥቂት ቃል መለሰላት፣ እሷም አሮጊቷን አቅፋ ጉንጫቸውን ሳመች። ወዲያው ዕቃቸውን ሰበሰቡ፤ ብዙ ሳይመሽ ሐረር መግባት አለባቸው። ሀሊማ ደጃፉ ላይ ቆማ እንደ አገሯ ደንብ «እደሩ እንጂ፣ ደክሟችኋል» አለቻቸው። ኢዮስያስ ይህን አልተረጎመላትም።

መኪናው ሲሄድ አሮጊቷን ለማንሳት ጎረቤት መጥራት አስፈለገ፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። እሴት መጥታ በአንድ በኩል ያዘቻቸው፣ ባዶውን ቤት አይታም ምን ሆናችሁ ነው እያለች ረዳች። ሀሊማ ውሃ አሙቃ ገላቸውን አጠበቻቸው፣ ንጹሕ ቀሚስ አለበሰቻቸው፣ መነጽራቸውን አጥባ ዓይናቸው ላይ አደረገችላቸው። እንደ ሕፃን ታጠቡላት። ሁለት ጊዜ «አዮ፣ አፉ ይበሉኝ» አለቻቸው፤ እሳቸው ተስቢሃቸውን እንድታቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ራሷን ጠላች። ፈረንጇን ለመጥላት ሞከረች፣ ኢዮስያስን ለመጥላት ሞከረች፣ ግን ቁርበቱን የገዛችው እሷ ናት፣ «ትንሽ ይታገሡ» ያለችውም እሷ ናት። ያልተነካውን ለፊሶ ለሠራተኛዋ ሰጥታ፣ ኩሽናው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አፏ ውስጥ የቀረ መጥፎ ነገር ያለ ይመስል ደጋግማ ተጉመጠመጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ኢዮስያስ ነው፣ ከሂርና። ሴትየዋ ሻይ እየጠጣች ነው፣ እሱ ውጪ ወጥቶ ነው የሚደውለው።

«ተቀብለውሻል» አላት። «ከሚቀጥለው ሐሙስ ጀምሮ እስከ ግንቦት፣ በሳምንት ሁለት ቀን። በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው አያንስም። ቀብድ ሰኞ ይገባልሻል።»

ሀሊማ ግድግዳውን ተደገፈች። አልሐምዱሊላህ ልትል አፏን ከፈተች፣ አልወጣላትም።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ኢዮስያስ። «ምርቃቱ። መኪና ውስጥ ሦስቱንም አየቻቸው። የወደደችው ሦስተኛውን ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚለቁትም እሱን ነው፤ እንግዳው ያንን አይቶ ስለሚመጣ በመጣ ቁጥር ያው መሆን አለበት አለች።»

«ምን እንዳሉ ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።» ከበስተኋላው ሚኒባስ ጡሩንባ ይነፋል። «እኔ በኢየሱስ ስም ገሥጬዋለሁ፣ እኔ ላይ አይሠራም። አንቺም እንደ እምነትሽ ጸልዪ። ለሥራው ግን ችግር የለውም፣ ፈረንጆቹ አይሰሙትም።»

የእሴት ልጅ እንዲህ ብሎ ማውራት ከየት እንደተማረ ሀሊማ ገረማት። ከዚያ ራሷ «እሺ» ስትል ሰማች። አብዱረዛቅ ጋ ደውላ ክፍሎቹ እንደማይከራዩ ነገረችው፤ እሱም ሳይቀየም አላህ ይርዳሽ አላት። ክፍሎቹ ድነዋል። ለሽንትም ቢሆን ድነዋል።

ወደ ሳሎኑ ስትገባ አዮ ሩቂያ ወንበር ላይ ሆነው ተስቢሃቸውን ይቆጥራሉ። ሀሊማ ፊታቸው ቆመች። ከዚህ በፊት ያልተባባሉት ነገር አልነበረም፤ ለአንዷ ልጅ፣ ለሌላዋ ባል የሆነውን በድሪን አብረው የቀበሩ ሴቶች ናቸው። አሁን ግን አንዲት ቃል ለማውጣት እጇን በተዋሰችው ቀሚስ ላይ ስትጠርግ ቆየች።

«አዮ፣ ሐሙስ እንግዳ አለን።»

አሮጊቷ ጣታቸውን ተስቢሃው ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ ይመስላሉ። «የትኛውን ነው የምልላቸው?» ብለው ጠየቁ።

ሀሊማ መልሱን ታውቀዋለች። የፊተኛውን ብትል፣ ምንም አይበሉ ብትል፣ ሰው አይምጣብን ብትል ማንም አይከለክላትም፤ ስልኩ ገና እጇ ላይ ነው። ከግቢው በኩል ሦስት ቁጥር ውስጥ ያልተዘጋ ቧንቧ ይንጠባጠባል።

«የኋለኛውን» አለች።